በቧንቧ የሚዞረው ሙቅ ውኃ ስንት ሊትር ይሁን?

ሆሳዕና ሌሊቱ ይበርዳል፤ በሀዲያና በከምባታ አገር ግን ቤቱን ሲያሞቅ የኖረው ምድጃው ነው። በአውሮፓና በሩሲያ በቦይለር የሞቀ ውኃ በቧንቧ እየዞረ ክፍሉን ያሞቃል፤ ወደዚያ ለትምህርት የሄዱ ወገኖቻችን ከመስኮት ሥር ያለውን የብረት ራዲያተር በደንብ ያውቁታል። እንግዲህ እንዲህ ያለው መሣሪያ በእኛ ከተማ ቢተከል በደቂቃ ስንት ሊትር ውኃ መዞር ይገባዋል?

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውኃ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ እንዲጨምር አንድ ኪሎ ካሎሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ውኃው ከቦይለሩ በሰዓት የሚቀበለውን ሙቀት፣ ሲወጣና ሲመለስ ባለው የዲግሪ ልዩነት ብናካፍል በሰዓት የሚዞረውን ሊትር እናገኛለን። የዛሬ ቦይለሮች ኃይላቸው የሚጻፍባቸው በኪሎ ዋት ነውና አስቀድሞ በ860 ማባዛት ያስፈልጋል።

ምሳሌ እንውሰድ። 21 ኪሎ ዋት ማለት በሰዓት ወደ 18,000 ኪሎ ካሎሪ ነው። ውኃው በ80 ዲግሪ ወጥቶ በ60 ቢመለስ ልዩነቱ 20 ይሆናል። 18,000 ለ20 ሲካፈል በሰዓት 900 ሊትር፣ ይኸውም በደቂቃ 15 ሊትር ይሰጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ80 ሴኮንድ የሚሞላ ፍሰት ነው። (በጀሪካን እየቀዱ መለካት ግን አይሆንም፤ ውኃው በዝግ ቧንቧ ይዞራልና። በመውጫውና በመመለሻው ቧንቧ ላይ ቴርሞሜትር አስሮ ልዩነቱን ማንበብ ይበቃል።)

ከአውሮፓ መጽሐፍ የተገለበጠ ቁጥር ግን በደጋ አገር ያሳስታል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በአምበሪቾ ተራራ ራስ ላይ ደግሞ ወደ 90 ይጠጋል። ቧንቧው በዝገት ወይም በአየር ተዘግቶ ፍሰቱ በግማሽ ቢቀንስና እሳቱ እንደነበረ ቢነድ ልዩነቱ 40 ይሆናል፤ የሚወጣው ወደ 90 ሲያሻቅብ የሚመለሰው ወደ 50 ይወርዳል። በባሕር ጠረፍ ላለ ሰው ከመፍላቱ በፊት 10 ዲግሪ ይቀረዋል፤ ለእኛ 3 ብቻ! ይህ የውኃ ማጠራቀሚያው ክፍት ሆኖ ከቦይለሩ እምብዛም ከፍ ባላለበት ነው፤ ማጠራቀሚያው በጣም ከፍ ካለ የውኃው ክብደት መፍያውን ዲግሪ ያሳድገዋል።

የባሰው መብራት ሲጠፋ ነው። ፓምፑ ይቆማል፣ እንጨቱ ግን መንደዱን አይተውም። የድሮ መሐንዲሶች ያለ ፓምፕ የሚሠሩት ወፍራም ቧንቧ ዘርግተው ነበር፤ የሞቀው ውኃ ቀሎ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ከብዶ ይወርዳል፣ በዝግታም ቢሆን ዙሩ አይቋረጥም። በእንጨት ለሚነድ ቦይለር እኔ ይህንኑ እመርጣለሁ።