ጎመን በበረንዳ፦ የመትከያ ከረጢት ከመግዛታችሁ በፊት

እናቴ 72 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጎንደር ገጠር ሳለች ጎመኗን ከጓሮዋ ትቀነጥብ ነበር። እዚህ አገር ከመጣን ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ቅጠል የምትገዛው ከሱፐር ነው። ባለፈው ዓመት በኤፕሪል ወር አንድ ሻጭ በስልክ ደውሎ «የበረንዳ ጓሮ» በሚል ስም ስምንት ጥቁር ከረጢት፣ አፈርና ችግኝ ሸጠላት። ደስ ብሏት ሁሉንም ከበረንዳው መከታ ሥር ደርድራ ተከለች። ጁላይ ላይ ግማሹ ደረቀ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን የደረቀው ተክል አይደለም። አንድ ቀን ሻይ ላፈላ ገብቼ ስመለስ የሦስት ዓመት ልጄ ከረጢቱ ላይ ቆሞ፣ በመከታው ላይ ደረቱን አስደግፎ ወደ ታች ሲያይ አገኘሁት።

በሙያዬ የማኅበረሰብ ነርስ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ክሊኒክ የሚመጡ እናቶችና አባቶች ስለ በረንዳ አትክልት ሲያወሩኝ ጆሮዬን እሰጣለሁ። ይህን የምጽፈው «ይቅርባችሁ» ለማለት አይደለም። ጠዋት ተነስቶ የሚጠብቅ ተክል ያለው ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ቅጠል ይበላል፣ ከጎረቤትም ጋር የሚያወራው ነገር ያገኛል። ነገር ግን ገንዘባችሁም ጤናችሁም እንዳይጎዳ አስቀድማችሁ የምታውቁት ነገር አለ።

የትኛው ከረጢት ይሻላል?

በሱቅ የሚሸጡት የመትከያ ከረጢቶች፣ በዕብራይስጥ «ሳኬ ጊዱል» የሚባሉት፣ በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ወፍራም ሱፍ የሚመስል የጨርቅ ከረጢት ነው፤ ሁለተኛው የላስቲክ ነው።

በጨርቁ በኩል አየር ይገባል። የተክሉ ሥር ጠርዝ ላይ ደርሶ አየር ሲያገኝ ጫፉ ይቆማል፣ ከኋላው ብዙ ቀጫጭን ሥሮች ያወጣል። በፕላስቲክ ማሰሮ ውስጥ ግን ሥሩ ዙሪያውን እየተጠመጠመ ራሱን ያንቃል። የጨርቁ ጉዳት አንድ ነው፤ ቶሎ ይደርቃል። ላስቲኩ እርጥበት ይይዛል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ሆኖም ጥቁር ከሆነ በኦገስት ፀሐይ ውስጡ ይግላል፣ ከታች በቂ ቀዳዳ ከሌለውም ሥሩ ይበሰብሳል። የእናቴን ተክል የገደለው ይኸው ነው፤ ከላይ ግለት፣ ከታች የተኛ ውኃ።

ስትገዙ ጨርቁን በጣታችሁ ቆንጥጡት። ወደ ብርሃን ስታነሱት በግልጽ የሚያሳይ ስስ ጨርቅ ብዙ አይቆይም። መያዣው ላይ ብቻ ተለጥፎ ነው ወይስ ወደ ታች ድረስ ተሰፍቷል? ይህን ተመልከቱ። የሩዝ ጆንያ የምትጠቀሙ አላችሁ፤ ምግብ የነበረበት ስለሆነ አይጎዳም፣ ግን ፀሐይ ስለሚበላው በአንድ በጋ ተበጣጥሶ አፈሩ ወለል ላይ ይፈስሳል። ሲሚንቶ፣ የተባይ መድኃኒት ወይም የፋብሪካ ዕቃ የነበረበትን ከረጢት ግን ለምግብ ተክል በፍጹም አትጠቀሙ።

ስንት ሊትር?

ብዙ ሰው ትንሽ ከረጢት ገዝቶ ትልቅ ተክል ይተክልበታል። በግምት እንዲህ ያዙት፦

– ከ5 እስከ 10 ሊትር፦ ሰላጣ፣ ድንብላል፣ በሶብላ
– ከ10 እስከ 15 ሊትር፦ አንድ እግር ቃሪያ፣ ወይም ጥቂት ነጭ ሽንኩርት
– ከ20 እስከ 25 ሊትር፦ አንድ እግር ቲማቲም፣ ወይም አንድ ሁለት እግር የሐበሻ ጎመን
– 40 ሊትር፦ ሦስት አራት እግር ድንች

በኢንተርኔት ሲሸጥ መጠኑ በጋሎን ሊጻፍ ይችላል። አንድ ጋሎን 3.8 ሊትር ያህል ነው፤ ስለዚህ 5 ጋሎን የሚለው 19 ሊትር ገደማ ነው ማለት ነው።

አፈሩ ከከረጢቱ ይበልጣል

ከግቢ የተቆፈረ አፈር ከረጢት ውስጥ ሲገባ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ በዚያ ላይ ከባድ ነው። ከሕንፃ ሥር የተወሰደ ከሆነ ደግሞ የቀለምና የግንባታ ቆሻሻ ሊኖርበት ይችላል። ከሚሽታላ የመትከያ ድብልቅ፣ ማለትም «ታዓሮቬት ሽቲላ» የሚባለውን ግዙ። ቀላል ነው፣ ውኃም ያሳልፋል።

ዋጋ ስታወዳድሩ ከረጢቱን ሳይሆን ሊትሩን አስሉ። ለምሳሌ 50 ሊትር በ30 ሼቄል ቢሆን ሊትሩ 60 አጎሮት ነው፤ 20 ሊትር በ18 ሼቄል ቢሆን ደግሞ 90 አጎሮት። ርካሽ የመሰለው ውድ ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን 50 ሊትሩን ብቻችሁን ወደ ቤት አትሸከሙ። ወገብ ካመማችሁ፣ አጥንታችሁ ከሳሳ ወይም ልብ ካለባችሁ ትንሹን መግዛት ወይም ልጅ ማስከተል ይሻላል።

ድብልቁ ውስጥ ያለው ምግብ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወር ከግማሽ ገደማ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ማዳበሪያ ይፈልጋል። እንደ አገራችን ፍግ ለመጠቀም የምታስቡ፣ ፍጹም የበሰበሰና የደረቀ ይሁን። ትኩስ የዶሮ ወይም የፍየል ፍግ ጀርሙን ወደ ሰላጣው ያሻግራል። የአፈር ከረጢት ስትከፍቱ ፊታችሁን አርቁ፣ ብናኙን አትተንፍሱት፤ ሥራው ሲያልቅ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ በባዶ እግር በረንዳ ላይ አትሥሩ፤ እግራችሁ የማይሰማው ትንሽ ጭረት ትልቅ ቁስል ይሆናል።

የት ይቀመጥ?

ውኃ የጠገበ 20 ሊትር ከረጢት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል። ስምንቱ ሲደመር የሁለት ጎልማሳ ሰዎች ክብደት ነው። ስለዚህ ከረጢቶቹን በረንዳው ከቤቱ ጋር በሚገናኝበት ግድግዳ በኩል አኑሩ፤ ጫፉ ላይ አትደርድሩ። በረንዳው የተሰነጠቀ ወይም ብረቱ የታየ ከሆነ ባለሙያ ሳያየው ምንም አትጨምሩበት።

ግድግዳ ጋ ማስቀመጥ ከክብደቱም የበለጠ ምክንያት አለው። ትንሽ ልጅ ከረጢትን ወይም አግዳሚን እንደ ደረጃ ይወጣበታል። የልጅ ልጆች የሚመጡበት ቤት ከሆነ ከመከታው አጠገብ የሚረገጥ ነገር አይኑር፤ «እኔ አየዋለሁ» ማለት አይበቃም። እኔም እዚያው ቤት ውስጥ ነበርኩ።

የማማዱን በርና መስኮት፣ ደረጃውን፣ የመጠለያውን መግቢያ በከረጢት አትዝጉ። ማስጠንቀቂያ ሲጮህ በጨለማ የሚያደናቅፍ ነገር አያስፈልግም። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ባለቤቱን፣ ካልሆነም ቫድ ባይትን ቀድሞ መጠየቅ ከጭቅጭቅ ያድናል።

ውኃና ፀሐይ

ቲማቲምና ቃሪያ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋሉ። ጎመን፣ ሰላጣና ድንብላል ባነሰም ይኖራሉ። በረንዳችሁ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ በጁላይና በኦገስት የከሰዓት ፀሐይ ቅጠሉን ስለሚጠብሰው የጥላ መረብ ዘርጉለት።

ውኃ ማጠጣት በሰዓት ብቻ አይወሰንም፤ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ። ደረቅ ከሆነ አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት። በበጋ ፍሬ የያዘ ቲማቲም በቀን ሁለት ሦስት ሊትር ሊጠጣ ይችላል። ማለዳ ማጠጣት ለተክሉም ለእናንተም ይሻላል። የደም ግፊት ኪኒን የምትወስዱ አዛውንት በቀትር ሐሩር ጎንበስ ቀና ስትሉ ሊያዞራችሁ ይችላል። ትልቅ ባልዲ ከመሸከም በትንሽ ጆግ መመላለስ ይሻላል። ወለሉ ሲርስ ያንሸራትታል፤ በአዛውንት ቤት የሚሰበር ዳሌ ብዙ ጊዜ እንዲህ ካለ ትንሽ ነገር ይጀምራል። የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ፣ ውኃውንም ወዲያው ጥረጉ።

ከከረጢቱ ሥር ሳህን ብታስቀምጡ ውኃው ወደ ጎረቤት ልብስ አይወርድም። ነገር ግን ውኃው ሳህኑ ውስጥ አይደር። ቢምቢ በቆመ ውኃ ይራባል፤ በ2024 በጋ በእስራኤል በስፋት የታየው የምዕራብ ናይል ትኩሳት (ካዳሃት ሃኒሉስ ሃማዓራቪ) የሚተላለፈው በቢምቢ ነው፤ በአዛውንት ላይም ይከብዳል።

የመትከያው ጊዜ

ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ ከማርች እስከ ኤፕሪል ይተከላሉ። ጎመን፣ ሰላጣ፣ ድንብላልና ነጭ ሽንኩርት በጥቅምትና በኅዳር፣ ከበዓላቱ በኋላ፣ ሐሩሩ ሲበርድ ቢተከሉ ይመቻቸዋል። ለጀማሪ የሚመቸው ይህ ወቅት ነው፤ ዝናቡም ያግዛል። የሚቀጥለው የሽሚታ ዓመት 5789 ነው፤ በ2028 መጸው ይጀምራል። በዚያን ጊዜ በበረንዳ ስለ መትከል ቄሳችሁን ወይም ረቢያችሁን ጠይቁ።

ተባይ ከመጣ አስቀድማችሁ ቅጠሉን በውኃ እጠቡ፣ የተጎዳውን ቁረጡ። መድኃኒት ከገዛችሁ በራሱ ዕቃ ውስጥ፣ ጽሑፉ ሳይነሳ፣ ልጅ በማይደርስበት ይቀመጥ። ወደ ኮላ ጠርሙስ መገልበጥ ነፍስ ያስከፍላል። አንድ ሰው ከጠጣው ወይም ከተነፈሰው 101 ደውሉ፤ በሐይፋ ራምባም ሆስፒታል የሚገኘው የመርዝ መረጃ ማዕከልም በ04-7771900 ይመልሳል።

መድኃኒት የምትወስዱ፣ ይህን አንብቡ

የደም ማቅጠኛ ኩማዲን የምትወስዱ፦ ጎመንና ሌላ አረንጓዴ ቅጠል ቫይታሚን ኬ አለው፤ ይህም የኩማዲንን ኃይል ይቀንሳል። ጎመኑ ሲደርስ በሳምንት አንዴ ይበላ የነበረው ሰው በየቀኑ መብላት ሲጀምር ደሙ ሊረጋ ይችላል። ይህ ማለት ጎመን ተዉ ማለት አይደለም። ልኩ ከሳምንት ሳምንት ተመሳሳይ ይሁን፤ ልትጨምሩ ስታስቡ ለነርሳችሁ ንገሩ፣ የአይ-ኤን-አር ምርመራው ይታያል። ኤሊኩይስና ዛሬልቶን የመሰሉት መድኃኒቶች ከቅጠል ጋር ይህ ችግር የለባቸውም። የምትወስዱት የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ሳጥኑን ይዛችሁ ኑ።

ኩላሊት ያለባችሁ፦ ቲማቲም፣ ድንችና ቆስጣ ፖታሲየም አላቸው። የምግብ ባለሙያ ከመከረችሽ ልክ አትለፉ።

ጤና አዳም የምትተክሉ፦ ቡና ያለ እሱ አይጥምም፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ጭማቂው ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ሲመታው እንደ ቃጠሎ ውኃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። በጓንት ቁረጡት፣ እጃችሁን ታጠቡ። ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳም አትጠጣ።

በስልክ ከገዛችሁ መብት አላችሁ

በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ ከደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ትችላላችሁ። 65 ዓመት የሞላው ሰው፣ አካል ጉዳተኛ፣ እንዲሁም ከመጣ አምስት ዓመት ያልሞላው ኦሌ ሐዳሽ ግን አራት ወር አለው፤ ይህም በግዢው ጊዜ ከሻጩ ጋር ንግግር ከነበረ ነው። ዕቃው ጉድለት ከሌለው ሻጩ ሊቀንስ የሚችለው የዋጋውን 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል ነው፤ ከሁለቱ ያነሰውን። ችግኝ ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ ስለሆነ በዚህ መብት ላይካተት ይችላል፤ ስለዚህ ከረጢቱንና አፈሩን ለየብቻ፣ ችግኙን ደግሞ በዓይናችሁ አይታችሁ ከሚሽታላ ግዙ። ደረሰኙን አትጣሉ፤ ስረዛውንም በጽሑፍ ላኩ።

እናቴ 72 ዓመቷ ስለሆነ አራት ወር ነበራት። እኛ ይህን ያወቅነው በአምስተኛው ወር ነው፤ ገንዘቡ ቀረ።

ዘንድሮ ሦስት የጨርቅ ከረጢት ብቻ አላት፤ ሁለቱ ጎመን፣ አንዱ ቃሪያ። ጎንበስ እንዳትል ግድግዳው ጋ ባለ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። በረንዳው በር ላይ ከፍ ያለ መቀርቀሪያ አስገባንለት፤ ልጄ የሚወጣው ከአያቱ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው፤ እሱም በኩባያ ያጠጣል። እናንተም ከሁለት ከረጢት ጀምሩ። እነሱን አንድ ዓመት ካኖራችሁ በኋላ ሦስተኛውን ትጨምራላችሁ።