እሹሩሩ በሐኪም ቤት

ሕፃን ሲያለቅስ እናት ምን ታደርጋለች? ታዝለዋለች፤ ወዲያና ወዲህ እያለች እሹሩሩ ትለዋለች። ልጁም ቀስ በቀስ ዝም ይላል፤ እንቅልፍ ይወስደዋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ልጁ በጠና ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ እሹሩሩው ይቀራል። እናት መሣሪያውን አይታ ትፈራለች፤ ድምፅዋን ታጠፋለች። ዝምታው ግን ለልጁ አይበጅም። ለምን?

በጠና የታመሙ ሰዎች የሚታከሙበት ቦታ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ይባላል። እዚያ የልብን ምትና ትንፋሽን የሚከታተሉ መሣሪያዎች አሉ፤ ሌት ተቀን ይጮኻሉ። መርፌ አለ፤ ቱቦ አለ። ትልቅ ሰው እንኳ ይጨነቃል፤ ሕፃንማ የባሰ ነው። ልጅ ሲፈራና ሲያለቅስ ልቡ በፍጥነት ይመታል፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ለመዳንና ለማደግ የሚያስፈልገው ጉልበት በለቅሶ ያልቃል።

ታዲያ ዜማ ምን ይረዳል? ሕፃን ከመወለዱ በፊት፣ በማሕፀን ሳለ፣ ድምፅ መስማት ይጀምራል። የእናቱን የልብ ምት ይሰማል፤ ድምፅዋንም ይለምዳል። ስለዚህ ከተወለደ በኋላ ድምፅዋን ሲሰማ፣ በእንግዳ አገር ዘመድ እንዳገኘ ሰው ይሆናል። ዝግ ያለ ዜማም ያረጋጋዋል።

ይህ እንዲሁ ወሬ አይደለም፤ ተፈትኖ የታየ ነው። በአሜሪካ አገር፣ በ11 የጨቅላ ሕፃናት የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች፣ ቀናቸው ሳይደርስ በተወለዱ 272 ሕፃናት ላይ ጥናት ተደረገ። ውጤቱም በ2005 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። በዜማ ማከምን የተማሩ ባለሙያዎች በሳምንት 3 ጊዜ፣ ለ2 ሳምንት፣ ሦስት ዓይነት ድምፅ አሰሟቸው። አንደኛው በውስጡ ጥቃቅን ብረት ያለበት ክብ ከበሮ ነው። ሲገላበጥ በማሕፀን ውስጥ እንደሚሰማው ሽው ይላል። ሁለተኛው እንደ ልብ ምት በጣት የሚመታ የእንጨት ሣጥን ነው። ሦስተኛው ወላጆች የመረጡት እሹሩሩ ነው። በሦስቱም የሕፃናቱ የልብ ምት ረገብ አለ። በእሹሩሩው ደግሞ ሕፃናቱ የበለጠ ጠቡ። የወላጆቹም ጭንቀት ቀነሰ።

እንግዲህ ልጃችን በጠና ቢታመምብን ምን እናድርግ?

1ኛ/ አስቀድመን ሐኪሙን ወይም ነርሷን እንጠይቅ። እጃችንን በሳሙና እንታጠብ።

2ኛ/ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ ዝግ ብለን፣ አንዱኑ ዜማ እየደጋገምን እናንጎራጉር። የራዲዮ ጩኸት አይበጅም። «ድምፄ አያምርም» ብለን አንፈር። ልጁ የሚፈልገው የእናት የአባቱን ድምፅ እንጂ የአዝማሪ ድምፅ አይደለም።

3ኛ/ ልጁን ልብ ብለን እንይ። ፊቱን ቢያጨማድድ፣ ጣቶቹን ቢዘረጋ ወይም ፊቱን ቢያዞር «በቃኝ» ማለቱ ነው፤ እንተወው።

4ኛ/ ከፍ ያለ ልጅ ከሆነ የሚወደውን ዜማ ራሱ ይምረጥ።

አንድ ነገር ግን አንርሳ። እሹሩሩ የመድኃኒትን ቦታ አይተካም። ልጅ ሲታመም ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። መድኃኒቱን ሐኪም ይሰጠዋል። የእናቱን ድምፅ ግን ከእናቱ በቀር ማንም አይሰጠውም።

የመወያያ ጥያቄዎች
ሀ/ የታመመ ሕፃን ሲያለቅስ ጉልበቱ ለምን ያልቃል?
ለ/ በእናንተ ቀበሌ ሕፃን በምን ዜማ ይባበላል?