ፒስተንና ቫልቭ እንዳይጋጩ

የሞተርን ጉልበት ለመጨመር ከሚደረጉት ለውጦች አንዱ ቫልቮችን ይበልጥ ከፍ አድርጎና ለረዘመ ጊዜ የሚከፍት ካምሻፍት መግጠም ነው። ይሁን እንጂ የፋብሪካው ፒስተን ለዚህ የሚበቃ ቦታ ላይኖረው ይችላል። ሁለቱ ከተጋጩ ቫልቩ ይጣመማል፤ ከተሰበረም ሞተሩን ያበላሻል።

ብዙ ተማሪዎች ግጭቱ የሚያሰጋው ቫልቩ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ይመስላቸዋል። በዚያን ጊዜ ግን ፒስተኑ ርቆ ወርዷል። አስጊው ጊዜ ጭሱ ወጥቶ ሊያልቅ፣ አዲሱ አየር መግባት ሲጀምርና ሁለቱም ቫልቮች በከፊል ክፍት ሲሆኑ ነው።

በ1967 እ.ኤ.አ. በኮርቲና መኪና የወጣውን የፎርድ 1600 ክሮስፍሎው ሞተር እንውሰድ። የማቃጠያ ክፍሉ በአብዛኛው በፒስተኑ አናት ላይ የተቦረቦረ ነው። የፒስተኑ ጉዞ 77.6 ሚ.ሜ. ቢሆንም፣ ክራንክሻፍቱ ከላይኛው ጫፍ 10 ዲግሪ ሲዞር የሚወርደው 0.8 ሚ.ሜ. ያህል ብቻ ነው፤ 20 ዲግሪ ሲሞላ ግን 3 ሚ.ሜ. ያህል ይደርሳል። ስለዚህ ማስገቢያው ቫልቭ ፒስተኑን በጣም የሚቀርበው ከጫፍ በኋላ በ10 ዲግሪ አካባቢ፣ የጭስ ማውጫው ደግሞ ከጫፍ በፊት በዚያው ያህል ነው። ትክክለኛው ዲግሪ እንደ ካምሻፍቱ ይለያያል።

ከመቁረጥ በፊት መለካት ይገባል። በፒስተኑ አናት ላይ ፕላስቲሲን እናደርጋለን፤ ቫልቮቹን ዘይት እንቀባለን። ከዚያም ቴስታታውን በተጠቀጠቀ አሮጌ ጓርኒሲዮን ገጥመን፣ የቫልቩን ክፍተት አስተካክለን፣ ክራንክሻፍቱን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር እናዞራለን። የሚያግድ ነገር ከተሰማን በኃይል አንገፋም። ቴስታታውን ፈትተን ፕላስቲሲኑን በምላጭ ቆርጠን፣ እጅግ የሳሳውን ቦታ እንለካለን።

በተለምዶ ለማስገቢያው ቢያንስ 2 ሚ.ሜ.፣ ለጭስ ማውጫው 2.5 ሚ.ሜ. ይተዋል። የኋለኛው የሚበልጠው ቫልቩ በሙቀት ስለሚረዝምና በከፍተኛ ፍጥነት ለመዘጋት ከዘገየ ፒስተኑ ከኋላው ስለሚደርስበት ነው። የጎደለው መጠን በሚሊንግ ማሽን ከፒስተኑ አናት ይቦረቦራል፤ ጉድጓዱም ከቫልቩ ዙሪያ 1.5 ሚ.ሜ. ያህል ይሰፋል። ነገር ግን አስቀድሞ የአናቱ ውፍረት ይለካ፤ ከጉድጓዱ በታች 5 ሚ.ሜ. ያህል ብረት የማይተርፍ ከሆነ ያ ፒስተን አይቆረጥም፣ ሌላ ይፈለጋል። ስለታም ጠርዞች ግለው ነዳጁን ያለጊዜው እንዳያቀጣጥሉ ይለዝቡ፤ ፒስተኖቹም በክብደት እኩል ይሁኑ።

ለክፍል መልመጃ፦ የቢየላው ርዝመት 125 ሚ.ሜ. ያህል ነው። ተማሪዎች በትሪጎኖሜትሪ ፒስተኑ በ5፣ በ10፣ በ15 እና በ20 ዲግሪ ምን ያህል እንደሚወርድ አስልተው በግራፍ ያሳዩ።