የቤተሰብ የእግር ጉዞና የሸክም ነገር

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር)



በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው ርእስ፥ ቤተሰብ በዕረፍት ቀን በእግሩ ወጣ ብሎ ስለሚያደርገው ጉዞ፥ ይልቁንም ለዚህ ጉዞ ስለሚያዘው ዕቃ አመራረጥ ነው። ነገሩ ለጨዋታ ያህል የቀረበ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከወንበሩ ሳይነሣ ፋይል ሲያገላብጥ ለሚውል ሠራተኛ፥ እንዲሁም የአገሩን ተራራ በመስኮት ብቻ እያየ ለሚያድግ ልጅ፥ ይህ የጤናም የቤተሰብ አንድነትም ጉዳይ ነው።

ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ቆሞ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው የእንጦጦ ጋራ ከፊቱ ተዘርግቶ ይታየዋል። ይሁን እንጂ ይህን ጋራ ከልጆቻቸው ጋር በእግራቸው የወጡት የፒያሳ ቤተሰቦች ብዙ አይደሉም። ስለ ምን እንደ ሆነ ሲጠየቁ አብዛኞቹ «ጊዜ የለንም» ይላሉ። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን ሌላም ምክንያት አለ። አንድ ጊዜ የወጣውን ቤተሰብ ሁለተኛ እንዳይወጣ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ዳገቱ ሳይሆን ሸክሙ ነው። እናት ከዋዜማው ጀምራ ስትቀቅልና ስትጠብስ ታመሻለች፤ ሲነጋ ድስቱ፥ ምድጃው፥ ረከቦቱ፥ ምንጣፉ በየዘንቢሉ ይታጨቃል፤ አባት ኮቱን በክንዱ ይዞ ከፊት ሲቀድም፥ እናትና የቤት ሠራተኛዪቱ ግን ጎብጠው ከኋላ ይከተላሉ። እንዲህ ያለው ቀን ለአንዱ ዕረፍት፥ ለሌላው የጉልበት ሥራ ነውና የቤተሰብ ጉዞ ሊባል አይገባውም። ስለዚህ ሸክምን ማቅለል ማለት ዕቃን መቀነስ ብቻ ሳይሆን፥ ሁሉም እኩል የሚደሰትበትን ቀን ማዘጋጀት ማለት ነው።

በመጀመሪያ መንገዱን እንመልከት። ከጊዮርጊስ ተነሥቶ በአፍንጮ በር በኩል ወደ ስድስት ኪሎ፥ ከዚያም በሽሮ ሜዳ አድርጎ እስከ እንጦጦ ማርያም ድረስ ያለው መንገድ ሰባት ወይም ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፒያሳ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ሲሆን፥ የጋራው አናት ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ መንገደኛው ወደ ፊት ስምንት ኪሎ ሜትር ሲራመድ ወደ ላይ ደግሞ 600 ሜትር ያህል ይወጣል ማለት ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገውን ጊዜ ለማወቅ አንድ ቀላል ስሌት አለ። ስሌቱን እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ዊሊያም ኔስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ ነው። ለእያንዳንዱ አምስት ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ይታሰባል፤ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይታከላል። በዚህ መሠረት አንድ ብርቱ ሰው ከጊዮርጊስ እንጦጦ ማርያም ለመድረስ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይበቃዋል። ልጆች ላሉበት ቤተሰብ ግን ዕረፍቱ ተጨምሮ አራት ሰዓት መመደብ ይገባል። ከጧቱ አንድ ሰዓት የተነሣ ቤተሰብ አምስት ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ሳይመሽም ለመመለስ በቂ ጊዜ ይኖረዋል። ይህ የሚከብደው ቤተሰብ እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ሄዶ ከዚያ በእግሩ መውጣት፥ ወይም በመኪና ወጥቶ በእግሩ መውረድ ይችላል። ቁልቁለት ግን ትንፋሽን ቢያሳርፍም ጉልበትን የሚፈትን መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ከታወቀው መንገድ ሳይለዩ፥ ሰብሰብ ብለው መሄድ ይሻላል።

የጋራው ብርድም ሊታሰብበት ይገባል። አየሩ በየመቶ ሜትሩ ከፍታ ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት በሚበልጥ መጠን ይቀዘቅዛልና፥ ፒያሳ ላይ ሞቅ ያለ ቀን እንጦጦ ላይ አራት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ነፋስ ሲጨመርበትማ ብርዱ የባሰ ይሆናል። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነበር። ይሁን እንጂ ቤተ መንግሥቱና ሠራዊቱ ከጋራው ወርደው በሜዳው ላይ ከተማ የቈረቈሩት በብርዱ፥ በነፋሱና በማገዶው እጦት ጭምር መሆኑ ይታወቃል።

አሁን ወደ ሸክሙ እንምጣ። ለአንድ ቀን ጉዞ አንድ ጤናማ ሰው ከሰውነቱ ክብደት አንድ ዐሥረኛውን ያህል ቢሸከም ሳይጎዳ ይሄዳል። ውጭ አድሮ ለሚመለስ ጎልማሳም ቢሆን ከአንድ አምስተኛው ባይበልጥ ይመረጣል። ይህን በምሳሌ እንግለጽ። አባት 70 ኪሎ፥ እናት 60 ኪሎ፥ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ 45 ኪሎ፥ የዐሥር ዓመት ልጅ 30 ኪሎ ቢመዝኑ፥ አራቱ በአንድነት ሊሸከሙ የሚገባቸው ሃያ ኪሎ ተኩል ነው። አምስት ዓመት የሆነው ታናሽ ልጅ ከባርኔጣው በቀር ምንም አይዝም።

በዚህ ልክ ምን ይያዝ? ለአራቱ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሊትር ተኩል፥ ለታናሹ አንድ ሊትር ውሃ ቢያዝ ሰባት ኪሎ ይሆናል። ምግቡ ሦስት ኪሎ፥ ሹራብና የዝናብ ልብስ አራት ኪሎ፥ ባዶ ቦርሳዎቹ ሁለት ኪሎ፥ መድኃኒት፥ ቢላዋ፥ የእጅ ባትሪና የመሳሰለው አንድ ኪሎ። ድምሩ ዐሥራ ሰባት ኪሎ ነው። የቀረው ሦስት ኪሎ ተኩል በከንቱ የተተወ አይደለም፤ ትንሹ ተሸካሚ ሲደክመው ቦርሳውን የሚቀበሉበት መጠባበቂያ ነው።

ይህን ከተለመደው ጭነት ጋር እናስተያየው። ድስት ከነወጡ አምስት ኪሎ፥ ምድጃ ከነከሰሉ አምስት፥ ጀበናና ረከቦት ከነሲኒው አራት፥ ዐሥር ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ሰባት፥ ምንጣፍና ብርድ ልብስ ስድስት ቢመዝኑ፥ ውሃና ልብስ ሳይቆጠር ሃያ ሰባት ኪሎ ደረሰ። ከሁሉ የሚያስገርመው የለስላሳው ነገር ነው፤ ጠርሙሱ በውስጡ ካለው መጠጥ የማያንስ ክብደት አለውና፥ ገዢው ግማሹን መንገድ መስተዋት ተሸክሞ ይወጣል።

ውሃን ማቅለል አይቻልም፤ አንድ ሊትር ውሃ ምን ጊዜም አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ ማቅለል የሚገባው ምግቡን ነው። በዚህ ረገድ አባቶቻችንና እናቶቻችን ከማንም የሚያንስ ዕውቀት አልነበራቸውም። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት ወራት የፈጀውን መንገድ የተጓዘው ስንቅ ይዞ ነው። በሶ፥ ጭኮ፥ ቋንጣ፥ ድርቆሽ፥ ዳቦ ቆሎ የተባሉት የአገራችን ስንቆች ሁሉ ጥበባቸው አንድ ነው፤ ይኸውም ከምግቡ ውስጥ ውሃውን አስወጥቶ ጉልበት የሚሰጠውን ብቻ መያዝ ነው። ከእንጀራ ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ስለ ሆነ፥ ድርቆሽ ሲሆን ሸክሙ ምን ያህል እንደሚቀል መገመት አያዳግትም። ጭኮም ቅቤ ስላለበት ብልጫ አለው፤ አንድ ግራም ቅባት ዘጠኝ ካሎሪ ያህል ጉልበት ሲሰጥ፥ አንድ ግራም የእህል ዱቄት ግን አራት ያህል ብቻ ይሰጣልና። እንግዲህ ለአንድ ቀን ጉዞ በሶ ወይም ጭኮ፥ ቆሎ፥ ለውዝ፥ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ ቢያዝ ማንም አይራብም፤ እናትም ሌሊቱን ከምድጃ ጋር ስትታገል አታድርም። ወጡና ቡናው ከጉዞ መልስ ከቤት ይደርሳሉ።

ስለ ልብስ ሲነሣ፥ ከአንድ ወፍራም ካፖርት ይልቅ ተደራርበው የሚለበሱ ሁለትና ሦስት ስስ ልብሶች ይሻላሉ። ዳገቱን ሲወጡ አንዱን ማውለቅ፥ ከአናቱ ሲደርሱ መልሶ መልበስ ይቻላል። ጋቢያችን ተቀምጦ ለሚያርፍ ሰው የሚወደድ ልብስ ነው፤ ነገር ግን ጥጥ በመሆኑ ዝናብ ሲያገኘው ውሃውን ይጠጣል፥ ይከብዳል፥ ሙቀቱንም ያጣል። ሱፍ ግን ቢርስም ሙቀት ይይዛል፤ የመንዝ ሰው በዚያ ብርድ አገር ከበግ ጠጉር ዝተትና በርኖስ የሠራው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የሱፍ ሹራብና ከግማሽ ኪሎ የማይበልጥ አንድ የናይሎን የዝናብ ልብስ ይበቃል። ለጉዞው ተስማሚ የሆነው ወራት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። በክረምት ግን ጭቃና መብረቅ ስላለ ከልጆች ጋር ጋራ መውጣት አይመከርም።

ጫማ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። እግር ላይ የተጨመረ ክብደት ጀርባ ላይ ከተጨመረው ብዙ እጥፍ ያደክማል፤ በየእርምጃው ይነሣል፥ ይወድቃልና። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ዓለም ያውቃል። በዚያ ቀን ጫማ ያላደረገው የቀረበለት አዲስ ጫማ ለእግሩ ስላልተስማማው እንደ ነበረ ይነገራል። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ግን ጫማ አድርጎ ደግሞ አሸነፈ። ከዚህ የምንማረው በባዶ እግር መሄድን አይደለም፤ ያልተላመደ ጫማ እንቅፋት መሆኑን ነው። አዲስ ጫማ የተገዛለት ልጅ በሳምንቱ ቀናት ትምህርት ቤት ሲመላለስበት ይላመደው እንጂ፥ ለመጀመሪያ ጊዜ በጋራው ላይ አይፈትነው። ቀላል፥ ሶሉ የማያንሸራትት፥ ጣትን የማያጨንቅ ከሆነ ዋጋው የረከሰ የሸራ ጫማም ይበቃል።

ቦርሳን በተመለከተ፥ በእጅ የሚንጠለጠል ዘንቢልና ፌስታል ለዳገት አይሆንም። እጅ ሕፃን ለመያዝና ሲያዳልጥ ለመደገፍ ነጻ መሆን አለበት። ሁለት ሰፋፊ ማንገቻ ያለው፥ ባዶውን ከአንድ ኪሎ የማይበልጥ የጀርባ ቦርሳ ይመረጥ። ለልጆች የትምህርት ቤት ቦርሳቸው በቂ ነው። ሲታሸግ ከባዱ ዕቃ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ከመካከል ይቀመጥ፤ ቀላሉ ከታችና ከውጭ ይሁን። ወገብ ላይ የሚታሰር መቀነት ያለው ቦርሳ ደግሞ ክብደቱን ከትከሻ ወደ ዳሌ ስለሚያሸጋግር ለጎልማሶች ይጠቅማል።

በዚህ የተለማመደ ቤተሰብ ውጭ ለማደር ሲያስብ፥ አስቀድሞ ማቅለል የሚገባው ሦስት ነገር ነው፤ ድንኳኑን፥ መኝታውንና ቦርሳውን። የዐሥራ አንድ ልጆች እናት የሆኑት አሜሪካዊት ወይዘሮ ኤማ ጌትውድ በ67 ዓመታቸው፥ በ1947 ዓ.ም. ተነሥተው ከ3,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን የአፓላችያን የተራራ መንገድ ብቻቸውን በእግራቸው ሄደው በመስከረም 1948 ዓ.ም. ፈጽመዋል። የያዙት በገዛ እጃቸው የሰፉትን ከረጢት፥ አንድ ብርድ ልብስና ለዝናብ መከላከያ የሚሆን የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ነበር፤ ያደረጉትም የሸራ ጫማ ነው። በአገራችንም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ «ጉዞ ዐድዋ» በሚል ስም ወጣቶች ከአዲስ አበባ እስከ ዐድዋ በእግራቸው ተጉዘዋል። ይህ ሁሉ የሚያስረዳው ረጅም መንገድ የሚሄደው ብዙ የያዘ ሳይሆን የሚበቃውን የያዘ መሆኑን ነው። ይሁን እንጂ ለልጆች ሲሆን ሙቀት የሚሰጠው መኝታ አይቀነስም። በሰሜን ተራሮች፥ በሳንቃ በርና በግጭ ማደሪያዎች፥ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል። በዚያ አካባቢ በቅሎ ተከራይቶ መጫን የተለመደ ነውና ሸክሙን ለበቅሎው መስጠት ይበጃል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ሳናነሣ አናልፍም። በእንጦጦ መንገድ ላይ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ማገዶ በጀርባቸው አዝለው ጎንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶች ለብዙ ዘመን ታይተዋል፤ ዛሬም ሊያጋጥሙን ይችላሉ። እኛ ለጤናችን የምንወጣውን ዳገት እነርሱ ለዕለት እንጀራ ይመላለሱበታል። ከልጆቻችን ጋር ስንገናኛቸው መንገድ እንልቀቅላቸው፤ ልጆቻችንም የሸክምን ክብደት ከእኛ ምክር ይልቅ በዚያች ቅጽበት ያስተውሉታል። ይህን ያየ ልጅ ቤቱ ሲመለስ የእናቱን ዘንቢል ለመቀበል አይሰንፍም።

እንግዲህ አድማጮቻችን፥ ቅዳሜ ማታ ሚዛን አውጥታችሁ የእያንዳንዱን ቦርሳ መዝኑ። ከጉዞ ስትመለሱ ደግሞ ያልተነካውን ዕቃ በወረቀት ጻፉ፤ ከመድኃኒትና ከዝናብ ልብስ በቀር፥ ያልተነካው በሚቀጥለው ጊዜ ቤት ይቅር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። አስቀድማችሁ ሎሚውን ቀንሱ፤ ከዚያም የቀረውን ለየአቅሙ አካፍሉ።