ለጋብቻ በዓላችሁ ደሴት ልትሄዱ ነው? መጀመሪያ የጾሙን ካሌንደር እዩ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የተጋባችሁበትን ቀን ታስታውሳላችሁ? በሀበሻ ነው በፈረንጅ? ኸሜንተው የሰጣችሁ ወረቀት ላይ ያለውስ ያው ቀን ነው? እኔ ሬስቶራንት ውስጥ ይህን ስጠይቅ ብዙ ሰው ይስቃል። አንዱ ቀን የሠርጉ ነው፣ አንዱ ማዘጋጃ ቤት የተፈረመበት፣ አንዱ ደግሞ እዚህ ስንመጣ አስተርጓሚው በችኮላ ሲያሰላ የተሳሳተው።

የእኔና የባለቤቴ ሚያዝያ 10 ቀን 1991 ዓ.ም. ነው። በፈረንጅ ኤፕሪል 18 ቀን 1999፣ የዳግም ትንሣኤ እሑድ። እንደምታውቁት በሁዳዴ ሠርግ የለም። ሁለት ወር ሙሉ ታግዶ የቆየ ሠርግ ሁሉ በዚያች ሳምንት ሲፈነዳ አዲስ አበባ ድንኳን ጠፍቶ ከሌላ ሰፈር ነው ያመጣነው።

እውነቱን ለመናገር እኛ ሀበሾች የጋብቻ ዓመት ማክበር የለመድን ሰዎች አይደለንም። ልደት እናከብራለን፣ ክርስትና እናከብራለን፣ ማኅበር እንጠጣለን። ሠርግ ግን አንዴ ነው፤ ከነመልሱ፣ ከነቅልቅሉ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ኑሮ ነው። ነገሩን ያመጡብን ልጆቹ ናቸው። ሆላንዶቹ 12 ዓመት ተኩልን እንኳ «ኮፐረ ብራይሎፍት» ብለው ያከብራሉ፤ የመዳብ ሠርግ መሆኑ ነው። ግማሽ ዓመት የሚቆጥር ሕዝብ! 25ኛው የብር ነው፣ 50ኛው የወርቅ። ልጄ ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት መጥታ «እናንተ መዳባችሁን ዘላችሁታል» አለችን። ብሩን እንዳንዘል ለ25ኛው ደሴት እንሄዳለን ተባለ።

25ኛው ኤፕሪል 18 ቀን 2024 ነበር። ካሌንደር ስናይ ያ ዓመት ፋሲካ ሜይ 5 ነው። ቀናችን ሁዳዴ መሐል ወደቀ! ሆቴሉ ቁርሱንና እራቱን ጨምሮ ነው፤ እኛ ግን ከከፈልንበት ዳቦና ፍራፍሬ ልንበላ ነው። ለፋሲካ ማግሥት እናስተላልፈው አልን። ቲኬት ሳንቆርጥ የእናቴ የዳሌ አጥንት ተሰበረ የሚል ስልክ ከአዲስ አበባ መጣ። ለደሴቱ ያጠራቀምነው ለቀዶ ሕክምናው ሄደ። አልቆጨኝም፤ እናት ናት። ባለቤቴም አንዲት ቃል አልተናገረችም። ግን ከበርበሬው መደርደሪያ በላይ የሰቀለችው የባሕር ዳርቻ ካሌንደር፣ ዓመቱ አልፎ እንኳ አልወረደም። እኔና እሷ በቀን 12 ሰዓት አንድ ጣሪያ ሥር ነን፤ እሷ ምድጃ ላይ፣ እኔ ካሳው ጋ። የምንነጋገረው «ሁለት ክትፎ፣ አንድ የጾም በያይነቱ» ነው። ይሄ አብሮ መኖር ከተባለ እንግዲህ አብረን ነን።

ዘንድሮ 2026 ፋሲካ ኤፕሪል 12 ነው። ቀናችን 18፣ ቅዳሜ ይውላል፤ ጾም የለ ምን የለ። ልንሄድ ወስነናል። ስናቅድ የገባኝን ልጻፍላችሁ፤ ምናልባት እናንተም ታስቡ ይሆናል።

ከቀኑ ልጀምር። ከፋሲካ በኋላ ያገባችሁ ሰዎች፣ ኢዮቤልዩአችሁ ሁሌ ፍስክ ላይ አይውልም። ለምሳሌ በ2027 ፋሲካ ሜይ 2 ስለሆነ ሁዳዴ ማርች 8 ይገባል፤ የኤፕሪል ሙሽሮች በሙሉ ጾም ውስጥ ናችሁ። ጥር ላይ ያገባችሁ እድለኞች ናችሁ፣ ቀኑ ከገና በኋላ ከሁዳዴም በፊት ነው። ግን ጥር እዚህ ብርድ፣ እዚያ ደግሞ የቱሪስት ወቅት ስለሆነ ዋጋው ይወደዳል።

ወዴት? እኛ ኩራሳውን መረጥን። ከቬኔዝዌላ በስተሰሜን 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ 444 ካሬ ኪሎ ሜትር የምትሆን ደሴት ናት። ከ2010 ጀምሮ በሆላንድ ንጉሣዊ ግዛት ውስጥ ራሷን የምታስተዳድር አገር ናት። ከስኪፖል በቀጥታ 10 ሰዓት ገደማ ይበራል፤ ኬኤልኤምም ቱዊም ይሄዳሉ። ሆላንድኛ ይሠራል፤ ያ ሁሉ የኢንቡርኸሪንግ ትምህርት ለአንድ ቀን መዝናኛ ይጥቀም እንጂ! አውሎ ነፋስ ከሚመታው የካሪቢያን ቀጠና በስተደቡብ ስለሆነች በአብዛኛው ትድናለች። አሩባም ቦኔርም ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ቦኔር ግን ከ2022 ጀምሮ አብዛኛውን ጎብኚ መግቢያ 75 ዶላር ታስከፍላለች።

አንድ ያስገረመኝ ነገር፦ ኩራሳውና ጣና ሐይቅ ከምድር ወገብ በስተሰሜን እኩል ናቸው፤ ሁለቱም 12 ዲግሪ ገደማ። ልዩነቱ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ቀዝቀዝ ማለቱ ነው። «ታዲያ ደሴት ካማረህ ጣና አይሻልም?» ያለኝ ወዳጅ አለ። እኔም አስቤው ነበር። ግን ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም። ለጋብቻ በዓል ሄዳችሁ ሚስት ጀልባ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ አስቡት። ዘጌ ላይ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለሁሉም ክፍት ነው፣ ሥዕሎቹ ብቻ ጉዞውን ያስረሳሉ። ግን ዛሬ የአማራ ክልል ሁኔታ የታወቀ ነው፤ የሆላንድ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የጉዞ ካርታ ላይ የክልሉን ቀለም ሳታዩ ቲኬት እንዳትቆርጡ፤ ኢንሹራንሳችሁም ከዚያ ቀለም ጋር የተያያዘ ነው። ደግሞ ከእኛ መሐል የስደተኛ ፓስፖርት የያዘ ብዙ ነው። ያ ሰነድ ለትውልድ አገር አያገለግልም።

ዛንዚባርን የሚመርጡም አሉ፤ አዲስ አበባ ወርዶ ቤተሰብ አይቶ፣ ከዚያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ይወስዳችኋል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ከኢትዮጵያ ስለምትነሡ፣ ትራንዚት ብቻ ቢሆን እንኳ ከ12 ሰዓት በላይ ከቆያችሁ፣ ታንዛኒያ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ክትባቱን ኼኼዴ ይሰጣል፤ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት አትሩጡ። ዛንዚባር ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የራሷን ኢንሹራንስም በ44 ዶላር ታስገዛለች።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ፤ ገንዘቡ። «አገር ቤት ሳትሄድ ደሴት?» የሚል ድምፅ ሁላችሁም ጆሮ ውስጥ አለ። ለእኔ የመጣው ከሌላ ሰው ሳይሆን ከራሴ ሆድ ነው። በዚያ ብር ስንት ወር የእናቴን መድኃኒት፣ የእህቴን ልጅ ትምህርት ቤት እያልኩ ሌሊት እቆጥር ነበር። ያደረግነው ይሄ ነው፦ ለአገር ቤት የሚላከውን ከደሴቱ ለየን። የአገር ቤቱ በየወሩ እንደ ድሮው ይሄዳል፣ አይነካም። የደሴቱን ደግሞ በዕቁብ አደረግነው። አሥር ሰው በወር 300 ዩሮ ቢጥል ዕጣ የወጣለት 3,000 ያነሣል። ባለቤቴ ዳኛዋን ለምና የመጨረሻውን ወሰደች፤ ቶሎ ቢደርሰን ለሌላ ነገር እንደሚጠፋ ታውቃለች። ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ደግሞ በሜይ ገደማ የሚከፈለው ፋካንሲኸልት ቢያንስ የዓመት ደመወዛችሁ 8 በመቶ ነው። እሱን ሳይበተን ያዙት።

ልጆችን ይዛችሁ ለምትሄዱ፣ ትምህርት ቤትን አትናቁ። ከ5 ዓመት ጀምሮ የሌርፕሊኽት ሕግ አለ፤ ሳያስፈቅዱ ከዕረፍት ውጭ ይዞ መሄድ ያስቀጣል። እንደኛ ዓይነት ሥራ ያለው፣ በዕረፍት ወቅት ፈጽሞ መዝጋት የማይችል ወላጅ፣ በዓመት አንዴ እስከ 10 የትምህርት ቀን ሊጠይቅ ይችላል፤ ቢያንስ ከ8 ሳምንት በፊት ለዳይሬክተሩ ማመልከት ነው፤ ዓመቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን አይሆንም። አንድ የማይታወቅ ነገር ልንገራችሁ፤ የወላጅ ወይም የአያት 12 ተኩል፣ 25፣ 40፣ 50 እና 60ኛ የጋብቻ ዓመት ላይ ልጁ በዓሉን እንዲካፈል ፈቃድ ይሰጣል፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን። የእኛ 27ኛ ስለሆነ ዝርዝሩ ውስጥ የለም! ሌላው፣ አምስተርዳም በሰሜን ቀጠና፣ ሮተርዳምና ደንሃግ በመካከለኛው ስለሆኑ የአጎት ልጆች ዕረፍት ሁሌ አይገጥምም። ሁለት ቤተሰብ አብራችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቀድማችሁ አስተያዩ። የእኛ ትንሹ 15 ዓመቱ ነው፤ ትምህርቱ ላይ ሆኖ ሮተርዳም አክስቱ ጋ ይቆያል። ደስ ብሎታል፤ እሷ ቤት ስልክ የሚቀማ የለም።

ስም! ይሄን አደራ። ሀበሻ የቤተሰብ ስም የለውም፤ የእኔ ሁለተኛ ስም የአባቴ፣ የባለቤቴ የአባቷ፣ የልጆቹ የእኔ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ስም። ቲኬት ስትቆርጡ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፉ፤ አንድ «ኤች» ተጨምራ ስንት ሰው ካውንተር ላይ ቆሟል። ከሁለት አንዳችሁ ብቻ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ የሌላው ወላጅ የፈቃድ ወረቀትና የልደት ምስክር ወረቀት ያዙ፤ ስማችሁ ስለማይመሳሰል ድንበር ላይ መጠየቃችሁ አይቀርም።

የሆላንድ ፓስፖርት ላለው ለኩራሳው ቪዛ የለም። የኢትዮጵያ ወይም የስደተኛ ፓስፖርት ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር የያዛችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የመንግሥት ገጽ ኔደርላንድ ቬረልድቫይድ ላይ አረጋግጡ። ሁሉም ሰው ከበረራው በፊት ባለው ሳምንት ውስጥ የመግቢያ ካርድ በኢንተርኔት ይሞላል፤ ነፃ ነው፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ ውጡ።

በረራና ሆቴል አንድ ላይ በፓኬት ከገዛችሁ የኤስኼኤር ዋስትና ያለው ሻጭ ምረጡ፤ ድርጅቱ ቢከስር ገንዘባችሁ ይመለሳል። ለብቻው የተገዛ በረራ ይሄ የለውም። ጫማ በኢንተርኔት ገዝቶ በ14 ቀን መመለስን የለመደ ሰው ጉዞንም እንደዚያ አይቁጠር፤ አይመለስም። ስለዚህ የአኑሌሪንግ ኢንሹራንስ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከተገዛ በ7 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። እኔ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «እናቴ አዲስ አበባ ብትታመም ይቆጠራል?» እናንተም ጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። የአውሮፓ የጤና ካርዳችሁ እዚያ አይሠራም፤ ኩራሳው የአውሮፓ ኅብረት አይደለችም። መላውን ዓለም የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። የስልክ ኢንተርኔትም እንደዚሁ፣ ስታርፉ ዝጉት።

ስለ ምግብ ካልጻፍኩ ሙያዬ ይቆጣኛል። ዋና ከተማዋ ቪለምስታድ ውስጥ ፕላሳ ቢዩ የሚባል የድሮ ገበያ አለ፤ የአገሩ ሰው ምሳ የሚበላው እዚያ ነው። ካብሪቱ ስቶባ የፍየል ወጥ ነው። ፉንቺ የሚሉት ደግሞ የበቆሎ ዱቄት ገንፎ! ባለቤቴ ፎቶውን አይታ «መሐሉ ላይ ቅቤው የታለ?» አለች። ሚጥሚጣ በሻንጣ እንደምትይዝ አልጠራጠርም። ገንዘባቸው ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ የካሪቢያን ጊልደር ነው፤ አንድ ዶላር 1.79። መሬቱ ደረቅ፣ ቁልቋል የበዛበት፣ ፍየል የሚንጋጋበት ነው፤ አዋሽን ያየ አይገረምም።

ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ በስተምዕራብ ኬኔፓ ባሕር ዳርቻ ውሰዷቸው፤ መግቢያው ነፃ ነው። እግረ መንገዳችሁን ታሪኩን ንገሯቸው። በዚያው ኬኔፓ እርሻ ነበር ቱላ የሚባል በባርነት የተያዘ ሰው ኦገስት 17 ቀን 1795 ጓደኞቹን ይዞ ሥራ አንሠራም ያለው። በኦክቶበር 3 ገደሉት። የሆላንድ መንግሥት ክብሩን በይፋ የመለሰለት ኦክቶበር 3 ቀን 2023 ነው፤ 228 ዓመት ቆይቶ። ልጆቻችን ኬቲ ኮቲን ትምህርት ቤት ይሰማሉ፤ ቦታው ላይ ቆሞ መስማት ግን ሌላ ነው።

እኛ የፋሲካን እሑድ ሠርተን ማክሰኞ እንነሣለን። ሬስቶራንቱን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ማግሥቱ ረቡዕ እዘጋለሁ፤ ቅዳሜውን ጭምር። ቅዳሜ ለሬስቶራንት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ልጄ የበሩን ማስታወቂያ በሁለት ቋንቋ አትማ ሰጥታኛለች፣ ገና አልለጠፍኩም።

ለእናቴ ባለፈው እሑድ ደወልኩላት። ዳሌዋ ድኗል፣ በከዘራ ትሄዳለች። እየፈራሁ «ከሚስቴ ጋር አንድ ሳምንት ደሴት ልንሄድ ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እሰይ ልጄ፣ የትኛው ገዳም ነው?» አለችኝ። ከዚያ ጸበሉን በትንሽ ዕቃ እንድይዝላት አደራ ብላ ስልኩን ዘጋች። የባሕር ውኃ መሆኑን ገና አልነገርኳትም።