የሆድ ሕመምና የመድኃኒት ልክ



ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው ወደ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ወንድሙ ሆዱን እንደታመመ ነገራቸው። እርሳቸውም ማር እንዲያጠጣው አዘዙት። ሰውየው ተመልሶ ሕመሙ እንደባሰ ቢናገርም በድጋሚ እንዲያጠጣው አዘዙት። እንዲህ ሲመላለስ ቆይቶ ወንድሙ በአላህ ፈቃድ ዳነ። እ.ኤ.አ. በ1350 ያለፉት ታላቁ ዓሊም ኢብኑል ቀይም «ዛዱል መዓድ» በተባለው ኪታባቸው ከዚህ ታሪክ አንድ ቁም ነገር አውጥተዋል፤ መድኃኒት መጠን አለው፣ ከበሽታው ልክ ካነሰ በሽታውን አያስወግድም።

ይህ ቁም ነገር ሥር የሰደደ የአንጀት ቁስለት ላለባቸው ወገኖቻችን በእጅጉ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ደሙ ሲቆምና ሆዳቸው ሲረጋ «አልሐምዱሊላህ ድኛለሁ» ብለው መድኃኒቱን ያቆማሉ፤ ከወራት በኋላም ሕመሙ ያገረሽባቸዋል።

በሽታው ምንድን ነው?

በሽታው ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለው። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የሚባለው የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን የሚያቆስል ሲሆን፣ ከፊንጢጣ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ክሮንስ የሚባለው ደግሞ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ማንኛውንም ክፍል ሊይዝ ይችላል፤ ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1932 ከባልደረቦቹ ጋር ስለ በሽታው ከጻፈው አሜሪካዊ ሐኪም ከቡሪል ክሮን ነው። በሁለቱም የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን አንጀት ያጠቃል። ብዙ ጊዜ በወጣትነት ይጀምራል። ተላላፊ ስላልሆነ ከታማሚ ጋር በአንድ ማዕድ መብላት አያስፈራም።

ምልክቶቹ ለሳምንታት የሚቆይ ተቅማጥ፣ ደም የተቀላቀለበት ሠገራ፣ የሆድ ቁርጠት፣ መክሳትና ድካም ናቸው። በአገራችን ደም ያለው ተቅማጥ ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው አሜባ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ታክመው ካልተሻለዎ ወይም እየተመላለሰ ካስቸገረዎ ያንኑ ኪኒን ከፋርማሲ ደጋግሞ መግዛት አይበጅም። ሐኪሙ አንጀትን በኮሎኖስኮፒ አይቶ ናሙና መውሰድ ሊያስፈልገው ይችላል። በተለይ የአንጀት ቲቢ ከክሮንስ ጋር በጣም ይመሳሰላል። የሰውነትን መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት ደግሞ ቲቢን ስለሚያባብስ ፕሬድኒሶሎንን በራስ ፈቃድ ገዝቶ መዋጥ አደገኛ ነው።

እሳቱን ማጥፋትና መጠበቅ

ሕክምናው ሁለት ሥራ አለው፤ የተነሣውን እሳት ማጥፋትና ዳግም እንዳይነሣ መጠበቅ። ፕሬድኒሶሎን እሳቱን ያጠፋል እንጂ ለዘለቄታው ጥበቃ አይሆንም፤ ለሳምንታት ከተወሰደ በኋላም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው የሚቆመው። ለጥበቃው እንደ በሽታው ዓይነት ሜሳላዚን፣ ሰልፋሳላዚን፣ አዛታዮፕሪን ወይም ሌላ ይታዘዛል፤ አዛታዮፕሪን የሚወስድ ሰው በየጊዜው የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ደህና መሆናችን መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ያሳያል እንጂ አያስፈልገንም ማለት አይደለም። ማርና ጥቁር አዝሙድ መጠቀም፣ ሩቅያ ማድረግም መልካም ነው፤ ነገር ግን ሐኪም ያዘዘውን ለመተው ምክንያት አይሆኑም።

እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች በሽታውን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ ሲጋራም ክሮንስን ያባብሳል። ለሁሉም የሚሆን አንድ ዓይነት ምግብ የለም። ሕመሙ ሲነሣ ሚጥሚጣ፣ ቃሪያና ጥሬ አትክልት የሚያስቸግሩት ሰው ለጊዜው ይተዋቸው፤ ፈሳሽ ግን ያብዛ። የሰውነት መከላከያን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ከጥሬ ሥጋና ካልፈላ ወተት ይራቅ።

ጾምና ሶላት

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 184 እና 185 ለታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲያካክስ ፈቅዷል። ደም እየፈሰሰውና በተቅማጥ ውሃው እያለቀ የሚጾም ሰው ይህን የጌታውን ስጦታ ወደ ጎን እያደረገ ነው። ሕመሙ የረጋለት ግን ሊጾም ይችል ይሆናል። ስለዚህ ገና በረጀብ ወይም በሻዕባን ሐኪሙን ያማክር፤ አንዳንዱን መድኃኒት በማፍጠሪያና በሱሑር ሰዓት ማድረግ ይቻላል። በፊንጢጣ የሚሰጠውን በተመለከተ ዑለማዎች ስለተለያዩ በሌሊት መጠቀሙ ይመረጣል። ወደፊትም ለመጾም ተስፋ የሌለው ሰው ስለ ፊድያ ዓሊም ይጠይቅ።

መቆጣጠር አቅቶት ያለማቋረጥ የሚፈስበት ሰው ከሶላት አይርቅም። በሻፊዒይ መዝሀብ ራሱን አጥቦና አሥሮ፣ የሶላቱ ወቅት ከገባ በኋላ ዉዱእ አድርጎ ወዲያው ይሰግዳል፤ ከአቅሙ በላይ የሚወጣው ሶላቱን አያበላሽበትም። በቀዶ ሕክምና ሆዱ ላይ ከረጢት የተደረገለትም እንዲሁ ዑዝር ያለው ነው።

ለቤተሰብ

ይህ በሽታ የሚያሳፍር ስለሚመስል ብዙዎች ይደብቁታል። ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ ጓዳ ይሁኑ፤ «እስካሁን አልተሻለህም?» ማለት ቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው። በሽታው ያለባት እህት ማግባትና መውለድ ትችላለች። የሚመረጠው ግን ሕመሙ ረግቶ ሳለ ብታረግዝ ነው፤ ስለዚህ አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር፣ መድኃኒቷንም በፍርሃት በራሷ አታቁም። በአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ስምንት ዓመት የቆየ ሰው ደግሞ ካንሰር እንዳይከተል፣ ደህና ቢሆንም እንኳ፣ በኮሎኖስኮፒ ይታይ።

ሰብር ማለት መድኃኒትን ትቶ መቀመጥ ሳይሆን ልኩ እስኪሞላ በሰበቡ ላይ መጽናት ነው። ሺፋእ የአላህ ነው፤ እርሱ ለታመሙ ሁሉ ያሽርልን። ወላሁ አዕለም።