ዝም ብሎ መቀመጥን የሚያስተምረው ማነው?

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በካምፓችን በሚካሄዱ የምክር አገልግሎት ስብሰባዎች ላይ “ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ትንፋሻችሁን ተከታተሉ” መባል ተለምዷል። አንዳንድ አንባብያን “ይሄ የቡድሃ ጸሎት አይደለም ወይ?” ሲሉ ጠይቀውናል። ሌሎች ደግሞ “የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ሰርተፊኬት የያዘ ልጅ እንዴት የእኛን ጉድ ሊከፍት ይችላል?” ይላሉ። እኛ መምህራን ነንና ይበልጥ የያዘን ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያውን በአጭሩ እንመልስ። የነገሩ ሥር በእርግጥ ከቡድሃ እምነት ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል እምነቱን ለብቻው ትተው፣ ልምምዱን የሳምንታት ትምህርት አድርገው ለሕሙማን መስጠት ጀመሩ። በየእርዳታ ድርጅቱ የሚዘዋወረው ለዚሁ የቀረበ ነው። ያልተመቸው ሰው ቢተወው ማንም ሊያስገድደው አይገባም።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንምጣ። የነገሩ ባለቤቶች ዘንድስ አስተማሪ የሚሆነው ማነው?

ሳትያ ናራያን ጎየንካ የሚባሉ ሰው ነበሩ። በ1924 እ.ኤ.አ. በርማ ውስጥ ማንደሌ ከተማ፣ ከህንድ በመጣ የነጋዴ ቤተሰብ ተወለዱ። ገና በወጣትነታቸው ሀብታም ሆኑ፤ ግን ኃይለኛ የራስ ምታት ያዛቸው። ሕመሙ ሲነሳ የሚያስታግሰው ሞርፊን ነበር። መድኃኒት ፍለጋ አውሮፓ፣ አሜሪካና ጃፓን ዞሩ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። በ1955 ራንጉን ውስጥ ኡ ባ ኪን ወደሚባሉ ሰው ሄዱ። እኚህ ኡ ባ ኪን መነኩሴ አይደሉም፤ የአገሪቱ ዋና የሂሳብ ሹም የነበሩ የቢሮ ሰው ናቸው። ቀን መዝገብ ይመረምራሉ፣ በተረፋቸው ሰዓት ተመስጦ ያስተምራሉ። ጎየንካ የመጡት ለራስ ምታታቸው ብቻ መሆኑን ሲሰሙ፣ ይህ የሰውነት ሕመም ማከሚያ አይደለም ብለው መጀመሪያ አልተቀበሏቸውም። ሰውየው ሐሳባቸውን አስተካክለው ነው የገቡት።

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት በመምህራቸው ሥር ቆዩ። ልብ በሉ፣ አሥራ አራት ዓመት! በመካከሉ በ1962 በርማ ላይ ወታደሮች ሥልጣን ያዙና የግል ንግድና ፋብሪካ ተወረሰ፤ የጎየንካም ሀብት አብሮ ሄደ። በ1967 ዓ.ም. መሬትና ትርፍ ቤት ሲወረስ በዓይኑ ያየ አንባቢያችን ይህን ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። በ1969 እ.ኤ.አ. መምህራቸው “አስተምር” ብለው ፈቀዱላቸውና ወደ ህንድ ተሻገሩ። በቦምቤይ የመጀመሪያውን የአሥር ቀን ትምህርት ሰጡ። በ1976 ደግሞ ኢጋትፑሪ በምትባል የማሃራሽትራ ከተማ ያለው ማዕከላቸው ሥራ ጀመረ።

የአሥር ቀኑ ትምህርት ቀልድ አይደለም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ደወል ይደወላል፤ በቀን አሥር ሰዓት ያህል መቀመጥ አለ። መነጋገር፣ መጻፍ፣ ማንበብ ክልክል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያልቃሉ፣ ተማሪው ገና ትንፋሹ አፍንጫው ላይ ሲገባና ሲወጣ ከመመልከት አላለፈም። በአራተኛው ቀን ነው ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር የሰውነትን ስሜት መከታተል የሚጀመረው። ክፍያ የለም፤ መስጠት የሚችለውም ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ብቻ ነው።

ጎየንካ ረዳት አስተማሪዎችን መሾም የጀመሩት በ1982 ነው። ረዳት የሚሆነው ሰው ራሱ ደጋግሞ የተቀመጠ፣ በየቤቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ማታ አንድ ሰዓት የማያስታጉል፣ ረጅሙንም ትምህርት የገባ መሆን አለበት። ከዚህ በተጨማሪ ሌሎች ሲቀመጡ ወጥ ቤት ገብቶ ሽንኩርት መላጥ፣ ሽንት ቤት ማጠብ አለ። ይህን ሁሉ ያለፈውን ሰው ነባሮቹ አስተማሪዎች አይተው ነው የሚሾሙት። ከተሾመም በኋላ ትምህርቱን የሚሰጠው በጎየንካ ድምፅ በተቀዳው ካሴት ነው፤ እሳቸው በ2013 ካረፉ በኋላም እንደዚያው ነው። የረዳቱ ሥራ አብሮ መቀመጥ፣ ተማሪውን እየጠራ “እንዴት እየሄደልህ ነው?” ማለትና ጥያቄ መመለስ ነው። ደመወዝ የለውም። ኢንሴንቲቭ እንኳ የለም! ስለ ኢንሴንቲቭ የምናጉረመርም እኛ ይህን ስናነብ ተሳስቀናል። በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ማስተማሩ ግን ለእኛ አልተዋጠልንም። ካሴት የተማሪ ፊት አያይም።

በመነኮሳቱ መንገድ ደግሞ ጊዜው በሕግ የተጻፈ ነው። አዲስ መነኩሴ ቢያንስ አምስት ዓመት በመምህር ሥር ይኖራል፤ የራሱን ደቀ መዝሙር ለመቀበል አሥር ዓመት መሙላት አለበት። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ጎረቤታችን ኡጋንዳ የተወለዱት ባንቴ ቡድሃራኪታ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ህንድ ሄደው እዚያ ነው ከታይላንድ መነኮሳት ጋር የተዋወቁት። በ2002 አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ መነኮሱ፤ ዌስት ቨርጂኒያ ባለ ገዳምም ለዓመታት በመምህር ሥር ተቀመጡ። በ2005 እንጦቤ አጠገብ የኡጋንዳ ቡዲስት ማዕከልን መሠረቱ። አገራቸው ሲመለሱ የምጽዋት ሳህናቸውን ከበሮ የመሰለው ሰው ነበር ይባላል።

ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? አይደለም። ድጓ የተማረ ሰው ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ካልተመሰከረለት ማን መሪጌታ ይለዋል? ወሎ ውስጥ ኪታብ የቀራ ደረሳም ከሼሁ ኢጃዛ ሳያገኝ ወንበር ዘርግቶ አያስቀራም።

ለምን ይህን ያህል ጥብቅ ሆነ የሚለው ነው ዋናው። ዊሎቢ ብሪተንና ጃረድ ሊንዳል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ተመስጦ ከሚያዘወትሩ ሰዎች መካከል ከባድ ፍርሃት የያዛቸው፣ እንቅልፍ ያጡ፣ የድሮ ሰቆቃቸው እንደ አዲስ የመጣባቸው መኖራቸውን አሳይተዋል። ዝም ብሎ ዓይንን መጨፈን ለሁሉ ሰው ዕረፍት አይደለም። ድንበር ሲያቋርጥ ወንድሙን በረሃ ላይ የቀበረ ሰው ዓይኑን ሲጨፍን ምን እንደሚያይ እዚህ ካምፕ ውስጥ ማንም ያውቃል። ልምድ ያለው አስተማሪ ተማሪው ሲንቀጠቀጥ ወይም ትንፋሹ ሲያጥረው ያያል፤ “ዓይንህን ክፈት፣ እግርህ መሬት መንካቱን እይ፣ ተነስተህ ተራመድ” ይላል። የሦስት ቀኑ ሠልጣኝ ግን ወረቀቱን ነው የሚያነበው። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ ሠልጥኑ ተባሉ፣ ሠለጠኑ፣ ከዚያ ወዲያ ሊጠይቃቸው የመጣ የለም።

ስለዚህ ስብሰባውን ለምትመሩ ወንድሞችና እህቶች የምንለው ይህንን ነው። ዓይን ጨፍኑ አትበሉ፣ የፈለገ ይጨፍን በሉ። በሩን አትዝጉ፤ በር አጠገብ መቀመጥ የሚፈልግም ይቀመጥ። ከአምስት ደቂቃ በላይ አታስቀምጡ። ሰው ቢያለቅስ ወይም ቢደነግጥ ወደ የትኛው ነርስ፣ ወደ የትኛው አማካሪ እንደምትወስዱት አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ያዙ። ያሠለጠኗችሁንም በየወሩ ተመልሰው እንዲያዩአችሁ ጠይቁ፤ ብቻችሁን ከሆነ የሚከብዳችሁ፣ ደብዳቤውን አብረናችሁ እንጽፋለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት እንገኛለን።